ማንም በማያይበት ቀን፦ ስለ ቴኳንዶ፣ ስለ ይሉኝታና ስለ ሐቀኝነት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ቁርጠኝነትና ሐቀኝነት በማርሻል አርት ሥልጠናና በዕለት ተዕለት ኑሮ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ለተናጋሪው አደጋ አለው። ስለ ክብደት ማንሣት የሚያስተምር ሰው ክብደት አንሥቶ እንዲያሳይ አይጠየቅም፤ ስለ ሐቀኝነት የሚናገር ሰው ግን ሐቀኛ እንደሆነ ይገመታል። ይህ ግምት ለእኔ እንዲደረግልኝ አልፈልግም። ምክንያቱ ንግግሬ ሲገፋ ግልጽ ይሆናል።

ነገሬን ከአንድ ቃል ልጀምር።

በአገራችን ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ የሚሠለጥን ወጣት ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ አምስት መርሆዎችን በቃሉ ይይዛል፤ ጨዋነት፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛት፣ የማይበገር መንፈስ። መርሆዎቹን በዚህ መልክ ያዋቀሩት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ናቸው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቴኳንዶ የሚለው ስም እንዲወጣ ያደረጉ፣ በ1966 ደግሞ ዓለም አቀፉን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን በሴኡል የመሠረቱ ኮሪያዊ የጦር መኮንን ነበሩ። ሁለተኛውን መርሕ እኛ ወደ አማርኛ የመለስነው ከእንግሊዝኛው ነው። ስለዚህ አንዱ አሠልጣኝ ሐቀኝነት፣ ሌላው ታማኝነት፣ ሦስተኛው ቅንነት ይለዋል፤ ሁሉም አይሳሳቱም። ኮሪያኛው ቃል ግን «ዮምቺ» ነው። ቃሉ በሁለት የቻይና ፊደላት የሚጻፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከስግብግብነት መንጻትን፣ ሁለተኛው ማፈርን ያመለክታል። ጄኔራሉ ከተማሪያቸው የጠየቁት እውነት እንዲናገር ብቻ አይደለም። ማፈር የሚችል ሰው እንዲሆን ነው የጠየቁት።

ይህን ልዩነት የተረዳሁት ብዙ ዘግይቼ፣ ጥቁር ቀበቶዬ ጫፉ ከነጣ በኋላ ነው። ሐቀኝነትን እንደ ዕቃ፣ ሰው ወይ ያለው ወይ የሌለው ነገር አድርጌ አስብ ነበር። ማፈር ግን ችሎታ ነው፤ እንደ ማንኛውም ችሎታ ይሠለጥናል፣ ካልሠሩበት ይሰንፋል፣ እስከ መሞትም ይደርሳል።

ጄኔራሉ ይህ መርሕ እንዴት እንደሚጣስ ሲዘረዝሩ ያነሷቸው ምሳሌዎች ከፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከማሠልጠኛ አዳራሽ ወለል የተለቀሙ ናቸው። ትክክል ያልሆነ ስልት እያስተማረ ራሱንና ጥበቡን በሐሰት የሚያቀርብ አሠልጣኝ አለ። የትምህርቱን ድክመት በተንቆጠቆጠ አዳራሽና በውዳሴ የሚሸፍንም አለ። ማዕርግ የሚለምን፣ ወይም በገንዘብ ሊገዛ የሚሞክር ተማሪ አለ። ከበታቹ ያለውን ሰው አሳብ ለመጠየቅ የሚያፍር አለ፤ ይህኛው ያለ ቦታው ያፈረ ሰው ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን የሚመለከተኝ ግን ከትርኢት በፊት የሚሰበረውን ጣውላ አስቀድሞ «የሚያዘጋጀው» ተማሪ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ጥበብ ስለ ራሱ ታሪክ ሲናገር ሁልጊዜ ዮምቺን አክብሯል ለማለት ይቸግረኛል። በብዙ አዳራሾቻችን ቴኳንዶ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ንጹሕ የኮሪያ ጥበብ ነው ተብሎ ይነገራል። ጄኔራል ቾይ ግን በወጣትነታቸው ጃፓን ውስጥ ካራቴ የተማሩ ሰው ናቸው፤ የዘመናዊው ቴኳንዶ የመጀመሪያ ዘመን እንቅስቃሴዎችም ከጃፓኑ ካራቴ ብዙ እንደወሰዱ የዘርፉ ታሪክ አጥኚዎች አሳይተዋል። ቀበቶውም ቢሆን ጥንታዊ አይደለም። የዳን ማዕርግንና ጥቁር ቀበቶን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመሩት የጁዶ መሥራቹ ካኖ ጂጎሮ ናቸው። ስለ ሐቀኝነት የሚያስተምር ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀቱን አስረጅቶ ሲገኝ ፈገግ ያሰኛል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ እኔ ግን የተበደረ ጥበብ ከተጭበረበረ ዕድሜ ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ እኛ ቋንቋ እንመለስ። አማርኛ ስለ መተማመን ያለው የቃላት ሀብት ሰፊ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ወደ ውጭ የሚመለከት ነው። ዋስ አለ፤ ሌላ ሰው ስለ አንተ ይቆምልሃል። ምስክር አለ፣ መሐላ አለ። በጥንቱ ሥርዓት ቁራኛ ነበረ፤ ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር። አውጫጭኝም ነበረ፤ ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ይመረመራል። እነዚህ ሁሉ ብልሃት ያለባቸው ሥርዓቶች ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚያስሩን ከሌላ ሰው ጋር ነው።

የእነዚህ ሁሉ መደምደሚያ የምንለው ቃል ደግሞ ይሉኝታ ነው። ቃሉ ራሱ ሰዋስዋዊ ኑዛዜ ነው። «ይሉኛል» ከሚለው የተወለደ ነው፤ ሰዎች ስለ እኔ ምን ይላሉ ማለት ነው። የቃሉ ባለቤት «እኔ» አይደለሁም፤ «እነርሱ» ናቸው። ይሉኝታን ላጣጥለው አልመጣሁም። እንግዳ ሲመጣ ያለንን የምናቀርበው፣ የተጣላነው ጎረቤት ቤት ለቅሶ የምንደርሰው፣ ዕድር ያለ ፖሊስ የሚቆመው በይሉኝታ ጭምር ነው። ይሉኝታ ቢስ የምንለውን ሰው ማንም ጎረቤቱ እንዲሆን አይሻም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ «እነርሱ» በሌሉበት ሰዓት ይሉኝታ ምን ይሠራል? ከዚህም የከበደው ጥያቄ፣ ይሉኝታና ዮምቺ የተጋጩ ቀን የትኛው ያሸንፋል?

አሁን አምባ ጊዮርጊስ እንውጣ።

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለፋችሁ ታውቋታላችሁ፤ የወገራ ከተማ ናት፣ ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ገብሱና ውርጩ የታወቁ ናቸው። በ1993 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ ከጎንደር በአውቶቡስ እየተመላለሰ ቅዳሜና እሑድ የሚያሠለጥነን አንድ አሠልጣኝ መጣልን። ማስተር እንለው ነበር፤ በእውነቱ የማስተርነት ማዕርግ አልነበረውም፣ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን አልሰማነውም። የምንሠለጥነው በተውሶ አዳራሽ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሲሚንቶው ወለል ባዶ እግር የሚያስረግጥ አልነበረም። ቆመን ስንጠብቅ ከትንፋሻችን የሚወጣው እንፋሎት በጭላንጭሉ ብርሃን ይታይ ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ስናገረው ያምራል፤ ያን ጊዜ ግን የምናስበው ስለ አልጋችን ነበር።

ማስተር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከእኛ ጋር ስለሚሆን፣ በቀሩት አምስት ቀናት ለየራሳችን እንድንሠራ አዘዘን። የመጀመሪያው ቅጥ፣ ቾንጂ የሚባለው፣ 19 እንቅስቃሴዎች አሉት። ያንን በየቀኑ አሥር ጊዜ፣ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን እንድንሠራው ይፈልግ ነበር። ለምን ወደ ግድግዳ? ስንጠይቀው «ወደ ጓዶቻችሁ ከዞራችሁ ለጓዶቻችሁ ትሠራላችሁ» ብሎን ነበር። ከዚያ በተጨማሪ የእርግጫ ብዛት ነበረብን። ለዚህም አንድ ደብተር ሰጠንና ከመካከላችን በዕድሜ ከፍ ያልኩት እኔ ስለነበርኩ ያዥ አደረገኝ። ቅዳሜ ሲመጣ እያንዳንዳችንን «ስንት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የነገርነውን ቁጥር ይጽፋል። ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

ቁርጠኝነት የሚለው ቃል «ቆረጠ» ከሚለው የወጣ መሆኑን ታውቃላችሁ። ቆራጥ ሰው አማራጩን ቆርጦ የጣለ ሰው ነው። እኛ ቁርጠኝነትን የምናስበው በትልቁ ቀን ነው፤ በውድድር፣ በምረቃ፣ በጦር ሜዳ። የእኛ ደብተር ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የሠራሁትን ጻፍኩ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ብርዱ በረታብኝና ተኛሁ፤ ቅዳሜ ሲጠየቅ ግን የማክሰኞውን ቁጥር ከሰኞው ጋር አስተካክዬ ተናገርኩ። ማስተር ጻፈው። ምንም አልሆነም። ያ «ምንም አልሆነም» የሚለው ስሜት በሕይወቴ ከተማርኳቸው ትምህርቶች ሁሉ ፈጥኖ የገባኝ ነው። በሁለተኛው ወር 120 ረግጬ 300 የምል ሰው ሆኜ ነበር። ደብተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የታናናሾቼም ቁጥር በእኔ ቁጥር ዙሪያ ማደግ ጀመረ። ማንም ማንንም አላዘዘም። መሪ የሚያስተምረው እንዲህ ነው መሰለኝ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት የወላጆች በዓል ነበረ፤ ትርኢት እንድናሳይ ተጠየቅን። የእኔ ድርሻ የባሕር ዛፍ ጣውላ በጎን እርግጫ መስበር ነበር። 300 የረገጠ እግር ሊሰብረው ይችል ነበር፤ 120 የረገጠው ግን፣ ያውም በሰንበቴ እየቀነሰ፣ አልቻለም። ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ ተረከዜ አበጠ። በበዓሉ ዋዜማ ማታ የአጎቴን መጋዝ ከጎተራው ጀርባ አወጣሁና የጣውላውን ጀርባ በቁጡ አቅጣጫ መካከሉን ሰረሰርኩት። ፍንጣቂውን በሰምና በአቧራ ደፈንኩት።

እዚህ የተሰበሰባችሁ የምሕንድስና ተማሪዎች ካላችሁ ምን እንዳደረግሁ በቁጥር ይገባችኋል። ጣውላ ሲታጠፍ ያለው ጥንካሬ ከውፍረቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ከውፍረቱ አንድ ሦስተኛውን ብትቆርጡለት የሚቀረው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ጥንካሬው ግን ወደ 44 በመቶ ይወርዳል። ያውም የመጋዙ ጫፍ ላይ የሚጠራቀመው ጫና ሳይቆጠር፣ ቁርጡም በሚለጠጠው ጎን በጀርባ በኩል ሆኖ ነው። ቁርጠኝነት ከመቁረጥ የመጣ ቃል ነው ብያችኋለሁ፤ እኔ የቆረጥኩት ጣውላውን ነበር።

ጣውላው ተሰበረ፤ እልልታው ቀለጠ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ጣውላውን የያዘልኝ በሁለት ዓመት የሚያንሰኝ ልጅ ነበር። ያዥው የጣውላውን ጀርባ ያያል፤ ጣቱ ሰሙን ነካው። አየኝ፣ አየሁት። ምንም አላለም።

እስካሁን የነገርኳችሁ የልጅነት ጥፋት ነው፤ እዚህ ላይ ባቆም ይቅር ባላችሁኝ ነበር። ስለዚህ ከመቀጠሌ በፊት ለአፍታ ከአምባ ጊዮርጊስ እንውጣና ነገሩን ሰፋ አድርገን እንየው፤ ተመልካች ሲጠፋ የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን፣ ተመልካችን ስናበዛ የሚሆነውንም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የቤጂንግ ኦሊምፒክ የቴኳንዶ ዳኝነት ክፉኛ ታምቶ ነበር። የእንግሊዟ ሳራ ስቲቨንሰን የረገጠችው ነጥብ ሳይቆጠርላት ተሸንፋለች ከተባለ በኋላ በቪዲዮ ታይቶ ውጤቱ ተገለበጠ። የኩባው አንጌል ማቶስ ደግሞ ከውድድር ሲሰረዝ ተናድዶ ዳኛውን ፊቱ ላይ ረገጠና ዕድሜ ልክ ታገደ። መፍትሔው ምን ሆነ? በ2012 ለንደን ላይ ምት የሚቆጥር የኤሌክትሮኒክስ መከላከያና የቪዲዮ ምርመራ ገባ። ሐሜቱ ቀነሰ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስፖርቱን የሚከታተል ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ነገርም ተከተለ። ተወዳዳሪዎች የፊት እግራቸውን አንጠልጥለው፣ መሣሪያውን ብቻ የሚያስጮህ ቀላል ንክኪ መለማመድ ጀመሩ። ዳኛውን ማታለል ሲያዳግት መሣሪያውን ማስደሰት መጣ። የአገራችን ልጅ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሥርዓቱን አልቃወምም፤ ሜዳሊያ ያለ ቆጣሪ አይሰጥም። ቆጣሪው ግን ተወዳዳሪውን ሐቀኛ አያደርገውም።

አሁን ከዚህ አዳራሽ ወደሚቀርበው ጉዳይ ልምጣ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በመላ አገሪቱ እንደተሰረዘ ታስታውሳላችሁ። ከዓመታት በኋላ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከየአካባቢያቸው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው፣ ስልክ ተከልክለው፣ ተፈትሸው ተፈተኑ። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። ከእናንተ መካከል የዚያ ዓመት ተፈታኞች የነበራችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ።

ይህን ቁጥር የኩረጃ መለኪያ አድርጎ መውሰድ ትክክል አይመስለኝም። በዚያ ቁጥር ውስጥ ጦርነት አለ፣ ወረርሽኝ አለ፣ መምህርና መጽሐፍ ያጣ ክፍል አለ፣ ከቤቱ ወጥቶ ያደረበት የመጀመሪያ ሌሊት አለ። ነገር ግን ጥያቄውን ማለፍም ሐቀኝነት አይሆንም። በቀደሙት ዓመታት የምናየው ውጤትና ተመልካቹ ሲበረታ ያየነው ውጤት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በእኔ ዓይን እርሱ ደብተሩ ነው። በ120ና በ300 መካከል ያለው ርቀት ነው። ልጆቹ ብቻ አልጻፉትም፤ ወላጅ ጽፎታል፣ «ትንሽ ተባበሯቸው» ያለ ፈታኝ ጽፎታል፣ የማለፊያ መቶኛውን እንደ ጌጥ የሰቀለ ትምህርት ቤት ጽፎታል። አብዛኛውም የተደረገው በደግነት ነው፤ ይህ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ክፍል ውስጥ ጎረቤቱ ሲጠይቀው መልስ የነፈገ ተማሪ ክፉ ይባላል። ስለዚህ በይሉኝታ ያሳየዋል። ኩረጃችን ግማሹ የይሉኝታ ሥራ ነው።

ያነሣሁት ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ሁለቱ የተጋጩ ቀን የትኛው ያሸንፋል? የእኔን ጉዳይ ልጨርስና እናንተው ፍረዱ።

ከወላጆች በዓሉ በኋላ ፈተና ወስጄ ቀበቶ ተቀየረልኝ፤ በዓመቱ የማስተር ረዳት ሆንኩ። እርሱ በማይመጣባቸው ቀናት ፊት ቆሜ አሠለጥን ነበር። አምስቱን መርሆዎች ጮኬ የማስብለው እኔ ነበርኩ። ጣውላ የያዘልኝ ልጅ ደግሞ የእርሱ ተራ ደረሰና በሌላ ትርኢት ጣውላ እንዲሰብር ተመደበ። ያን ዕለት ግን ጣውላውን የያዘው ማስተር ራሱ ነበር። ልጁ ከመርገጡ በፊት ማስተር ጣውላውን ገልብጦ አየው። ከዚያ መሬት ላይ አስቀመጠውና ትርኢቱ በሌላ ነገር እንዲቀጥል አደረገ። ሕዝቡ ምንም አላወቀም።

በማግሥቱ ሁላችንን አሰልፎ ጣውላውን አሳየን። መጋዝ የገባበት ጎን ልስልስ ብሎ፣ ሰም ተቀብቶ ይታያል። ማስተር ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይህን ከማን ተማርክ?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁ ዝም አለ። እኔ ከማስተር አጠገብ፣ ፊቴን ወደ ሰልፉ አዙሬ ቆሜ ነበር። ልጁ ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። «ከማንም» አለ።

ያን ጊዜ በውስጤ የሆነውን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ምክንያቱም ሐፍረት አልነበረም። ይሉኝታ ነበር። ልጆቹ ምን ይሉኛል? እናቴ እልል ያለችለት ነገር ምን ሊባል ነው? ማስተር ምን ይለኛል? የሰው ዓይን ከሐሰት ይጠብቀናል እንላለን፤ በዚያ ጠዋት ከእውነት የጠበቀኝ የሰው ዓይን ነው። ሃያ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ከልጁና ከማስተር ጋር ሦስታችን ብቻ ብንሆን፣ ምናልባት እናገር ነበር ብዬ አስባለሁ። ምናልባት።

ልጁ ለሦስት ወር ታገደ። ቀበቶውን ፈትቶ፣ በሥርዓቱ አጣጥፎ፣ ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ሦስቱ ወር ሲያልቅም አልተመለሰም። እኔ ቀጠልኩ። ጥቁር ቀበቶ አገኘሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ይኸው መምህር ሆንኩ።

ለማስተር የነገርኩት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በስልክ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ደብተሩን አስታውሳለሁ፤ ቁጥሩ ልክ እንዳልነበረ ያን ጊዜም አውቅ ነበር» አለኝ። ለምን እንዳልተናገረኝ ጠየቅሁት። «አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነበር» አለ። ይህ መልስ ደስ አይለኝም፤ እስከ ዛሬም አልተስማማሁበትም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ እስኪናዘዝ ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ትምህርት ነው ወይስ ቸልተኝነት? እኔ ራሴ ሳሠለጥን ደብተር እሰጣለሁ፣ አልቆጣጠርም፤ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱን ማክሰኞ መርጬ ራሴ ከተማሪዎቹ ጋር በ12 ሰዓት እገኛለሁ፤ የማይመስል ቁጥር ያየሁ እንደሆነም ለብቻው ጠርቼ «ይህ ቁጥር ከብዶኛል፣ አንተስ?» እለዋለሁ። ማፈር የሚሠለጥን ችሎታ ከሆነ፣ ሠልጣኙ መጀመሪያ በትንሽ ክብደት መጀመር አለበት፤ በሃያ ሰው ፊት አይደለም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ልስላሴ ይሉታል። በእኔ አዳራሽ ቁጥራቸውን ራሳቸው ዝቅ አድርገው ያረሙ ልጆች አይቻለሁ፤ ያ ለእኔ ከተሰበረ ጣውላ ይበልጥብኛል።

ለልጁ ግን አልነገርኩትም ነበር። ለተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ለዓመታት ስተርክ ኖሬያለሁ፤ ርእሱም «ዝም ያለው ምስክር» የሚል ነበር። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ተማሪ ያደምጠዋል፣ ተራኪውንም ትሑት አድርጎ ያሳየዋል። ይህ ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ ግን በሰው ፊት የምናገረውን ለባለቤቱ ሳልናገር መቅረቤ ከበደኝና ባለፈው ወር አምባ ጊዮርጊስ ወጣሁ።

ልጁ አሁን ልጅ አይደለም፤ ባለ ትዳር የገብስ ነጋዴ ነው። መጋዘኑ በር ላይ ጆንያ ሲያስመዝን አገኘሁት። ሻይ አዘዘልኝ። ስለ ማስተር ጠየቀኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ከዚያ እኔ ለሃያ ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ፤ ያን ጠዋት መናገር ሲገባኝ ዝም ማለቴን፣ ጣውላ መቁረጥን ከእኔ አይቶ መማሩን፣ ስለዚህም ይቅርታ ልጠይቀው መምጣቴን ነገርኩት።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም።

«አይቼ ተማርኩ ነው የምትለኝ?» አለኝ። «መጋዙን ያዋስከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ከአጎትህ ጎተራ ጀርባ ራስህ አውጥተህ ሰጠኸኝ እኮ። ሰሙንም በወረቀት ጠቅልለህ።»

አላስታወስኩትም ነበር። ሻዬን ይዤ ተቀምጬ ሳስበው ግን ወረቀቱ ትዝ አለኝ፤ ከደብተሩ የተቀደደ ገጽ ነበር።